ልጅን በባዕድ ልሳን ስለ ማስተማር

ሰው ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሰድ ልጁን ብቻ የሚሰድ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ከልጁ ጋራ የቤቱ ወግ፥ የእናቱ እሹሩሩ፥ የጎረቤቱ ሰላምታ አብሮ ይወጣል፤ ማታም ተመልሶ ይገባ እንደ ሆነ ወይም በመንገድ ይቀር እንደ ሆነ አባት አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ትምህርቱ አባትና እናት በሚያውቁት ቋንቋ የሆነ እንደ ሆነ፥ አባት ቢያንስ ደብተሩን ገልጦ ያያል፥ እናትም ልጇ ሲያነብ ሰምታ ደስ ይላታል። እነርሱ ፈጽመው በማያውቁት ልሳን የሆነ እንደ ሆነ ግን ልጃቸው በየማለዳው እነርሱ ወደማይገቡበት ቤት ይገባል፤ በሩም ከኋላው ይዘጋል። ይህን በር አባት በገዛ እጁ ለልጁ መክፈቱ ተገቢ ነውን? ዛሬ በዚህ ገጽ ልንመረምረው የወደድነው ነገር ይህ ነው።

ጥያቄው ለክርክር ያህል የተፈጠረ አይደለም። በጭላሎ ግርጌ ገብስና ስንዴ አምርቶ፥ ገብሱንም ለብቅል ሽጦ ጥሪት የያዘ የአሰላ ሰው፥ ልጁን ከእርሱ ወደ ተሻለ ማዕርግ ሊያደርስ ይመኛል፤ ምኞቱም መልካም ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ቤት በየከተማው ስለ ተገኘ፥ አንዳንዱ ዓይኑን ከዚያ አሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይመለከታል። ከአሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው ሊሴ ገብረ ማርያም ሕፃናትን ከሦስት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ተቀብሎ፥ ቍጥሩንም ታሪኩንም ጨዋታውንም በፈረንሳይኛ ያስተምራል። ፈረንሳይኛ ላልቀመሰ ልጅ ካደገ በኋላ እዚያ መግባት ከባድ ስለ ሆነ፥ ነገሩ መቈረጥ ያለበት ልጁ ተጠይቆ እሺ ወይም እምቢ ሊል በማይችልበት ዕድሜ ነው። ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ፤ ቋንቋን መማርና በቋንቋ መማር አንድ አይደሉም። በአገራችን ቅኔ ቤት የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን በቶሎ ያስተውለዋል። የቅኔ ተማሪ ግዕዝን የሚማረው በግዕዝ አይደለም፤ ግስ ሲገሥሥ «ቀተለ» ብሎ «ገደለ»፥ «ቀደሰ» ብሎ «አመሰገነ» እያለ እያንዳንዱን የግዕዝ ቃል ከአማርኛው ጋራ አጋብቶ ያጠናል። ቀን በየጥሻው ሥር ተቀምጦ የቈጠረውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ሲነግር፥ መምህሩ የሚያርመው፥ አገባቡን የሚያሳየው፥ ሰሙን ከወርቁ የሚለይለት በአማርኛ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜም እንዲሁ ነው፤ ንባቡ ግዕዝ ሲሆን «አንድም» እየተባለ የሚወርደው ሐተታ አማርኛ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ባዕዱ ልሳን ጌታ ሆኖ ሲቀመጥ፥ የአገሩ ልሳን እንደ አስተርጓሚ አጠገቡ ቆሞ ይኖራል፤ አስተርጓሚውም ከጌታው ጋራ ሲከራከር ሲጫወት ይበለጽጋል። በሊሴው ግን አስተርጓሚ የለም። ሕፃኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ባሕሩ ይጣላል፤ መዋኘትንም በዚያው ይማራል። ብዙዎች ይዋኛሉ፤ የሕፃን አእምሮ ቋንቋን እንደ ሰፍነግ ይመጥጣልና። ይህ የማስተማር ብልሃት ሞኝነት ነው የሚል ሰው ቢኖር የሕፃናትን ነገር አያውቅም ማለት ነው።

ለፈረንሳይኛ ወደ አገራችን መግባት ረጅም ታሪክ አለው። ዘመኑን በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፈዋለሁ፤ ነገሩ ከእነርሱ የመጣ ነውና። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ባቆሙ ጊዜ፥ ካህናቱ የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖትን ያጠፋል ብለው ስለ ሰጉ፥ መምህራኑ ከግብጽ ቅብጦች ዘንድ እንዲመጡ ሆነ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ግብጻዊ ነበሩ። እንግዲህ አባቶቻችን ያን ጊዜ የፈሩት ልሳኑን ሳይሆን የሚያስተምረውን ሰው ነበር ማለት ነው፤ ቅብጦቹ ከሌሎች ቋንቋዎች ጋራ ፈረንሳይኛ ሲያስተምሩ ማንም አልከለከላቸውም። ይህን ፍርድ አንዳንድ ሰው ይሥቅበታል፤ እኔ ግን ማስተዋል ያለበት ይመስለኛል። ሕፃን ቋንቋን የሚቀበለው ከሰው አፍ ነውና፥ ከቃሉ ጋራ የተናጋሪውን ጠባይ አብሮ ይጠጣል።

ከጅቡቲ የመጣውም ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ፈረንሳይኛ አብሮ ተሳፍሮ መጣ። የጣቢያውን ስም ሕዝቡ «ለገሃር» አለው፤ ፈረንሳዩ ጣቢያውን «ላ ጋር» ማለቱ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1925 የከፈቱትም ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ከእንግሊዝኛ ጋራ ይዞ ተነሣ። እርሳቸው ራሳቸው በሐረር በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ ከተማሩባቸው ሰዎች አንዱ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው። እኒህ መምህር በ1915 በሐረማያ ባሕር ላይ ታንኳ በተገለበጠ ጊዜ ደቀ መዝሙራቸውን ለማዳን ሲሉ ሰጥመው ሞቱ። ስለ ባዕድ ልሳን መምህር ክፉ መናገር የሚወድ ሰው ይህን ታሪክ አስቀድሞ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የእንግሊዝኛ ወራት መጣ፤ ፈረንሳይኛም ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች እየራቀ ሄደ። ሊሴው ግን በ1947 ተከፈተ፤ ስሙም ከጣሊያን ጋራ ሲዋጉ በ1937 የወደቁት የደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ መታሰቢያ ሆነ። የፈረንሳይ ትምህርት ቤት የኢትዮጵያዊ አርበኛ ስም ተሸክሞ መኖሩ ለቅኔ የሚመች ነገር ነው። «ሊሴ» የሚለው ቃል ራሱ የፈረንሳይ አይደለም፤ አርስጣጣሊስ በአቴና ያስተምርበት ከነበረው ስፍራ ስም የተወሰደ የጽርዕ ቃል ነው። ፈረንሳዮች ስሙን ከጽርዕ ተዋሱ፤ እኛም ከእነርሱ ተዋስን። ቋንቋ እንደ እህል ዘር ከአገር ወደ አገር ይዞራል፤ አርሲ የሚዘራው ስንዴስ ሁሉ በአርሲ የተፈጠረ ነውን?

ዛሬም ቢሆን ፈረንሳይኛ ለኢትዮጵያዊ ከንቱ ጌጥ አይደለም። ጎረቤታችን ጅቡቲ ይናገረዋል፤ የአፍሪካ ኅብረት በአዲስ አበባ ተቀምጦ ከሚሠራባቸው ልሳኖች አንዱ እርሱ ነው። ስለዚህ አባት ለልጁ እንጀራ ያስብ እንደ ሆነ ሐሳቡ ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ ባሕር ማዶ ጥቂት እንሻገር። በካናዳ፥ በሞንትሪያል አጠገብ ባለች ሴንት ላምበርት በምትባል ከተማ፥ በ1965 እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑ ወላጆች ልጆቻቸው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በፈረንሳይኛ ብቻ እንዲማሩ አስደረጉ። ዋላስ ላምበርት የተባለ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ልጆቹን ለብዙ ዓመት ተከታትሎ መረመራቸው። ያገኘውም ነገር ብዙዎችን አስገረመ፤ ልጆቹ ፈረንሳይኛውን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ከሚማሩት እጅግ አብልጠው ሲያውቁት፥ እንግሊዝኛቸውም ከእኩዮቻቸው እንግሊዝኛ ወደ ኋላ አልቀረም። በዚህ የተነሣ ይህ ዓይነት ትምህርት በብዙ አገር ተስፋፋ።

ነገር ግን ይህ ሊቅ ሁለተኛ ነገርም አስተውሏል፤ እርሱን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። አዲስ ልሳን በአሮጌው ላይ የሚጨመርበት ጊዜ አለ፤ አዲሱ ገብቶ አሮጌውን የሚቀንስበትም ጊዜ አለ። የሴንት ላምበርት ልጆች እንግሊዝኛ በቤት፥ በገበያ፥ በመንግሥት ዘንድ የከበረ ስለ ነበረ የሚያሳንሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ፈረንሳይኛው ተጨመረላቸው። የቤቱ ልሳን የተናቀበት ልጅ ግን ሁለተኛውን ሲቀበል የመጀመሪያውን ይጥላል። ፈረንሳዮች ራሳቸው ይህን በገዛ ልጆቻቸው ላይ አድርገውታል። በብርታኝ አውራጃ ብሬቶንኛ ሲናገር የተያዘ ተማሪ አሮጌ የእንጨት ጫማ በአንገቱ ይንጠለጠልበት ነበር፤ እርሱም ሌላ ጓደኛው ሲናገር ሰምቶ እስኪያሳልፍለት ድረስ ተሸክሞት ይውላል። ያ ጫማ ከሕፃናቱ አንገት ወርዶ በእናቶቻቸው አፍ ላይ ተቀመጠ፤ ብዙዎቹ እናቶች ለሚቀጥለው ልጃቸው በብሬቶንኛ መናገርን ተዉ።

ስለ ፈረንሳይ ይህን ከተናገርን ዘንድ ስለ አርሲም ዝም ማለት አይገባም። ከአፉ በቀር ሌላ የማያውቅ የአርሲ ኦሮሞ ልጅ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው ወደ ትምህርት ቤት ገብቶ፥ መምህሩ የሚለውን አንዲት ቃል ሳይሰማ በአማርኛ ቍጠር፥ በአማርኛ ጻፍ ሲባል ኖሯል። በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ጐልማሶች ቢማሩበትም፥ የሕፃናቱ ትምህርት ቤት እስከ 1991 ድረስ በአማርኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኦሮሚያ የመጀመሪያው ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ሆኗል። ያን የቀድሞውን ነገር ማንም «ልጅን በባዕድ ልሳን ማስተማር» ብሎ አልጠራውም፤ ትምህርት ብቻ ይባል ነበር። ለእኔ አፌን የፈታሁበት ልሳን ለጎረቤቴ ልጅ አፉን ያሰረበት ነበር። በዚህም መካከል ብዙዎች ተምረው ሊቃውንት፥ ሐኪሞች፥ ዳኞች ሆነዋል፤ ይህ እውነት ነው። ስንቱ ደግሞ «ደነዝ» ተብሎ ከኋላ ወንበር ወደ እረኝነቱ እንደ ተመለሰ የቈጠረው የለም። አማርኛ ለልጁ እንጀራ ይሆነዋል ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ለፈረንሳይኛም የሚባለው ይኸው ነው። ልዩነቱ የዛሬው አባት ወዶ ሲያደርገው የያን ጊዜው አባት አለመጠየቁ ነው። ለሕፃኑ ግን ይህ ልዩነት ምኑ ነው? እርሱ ያን ጊዜም ዛሬም አልተጠየቀም።

እንግዲህ አባት ይህን የማድረግ ሥልጣን አለውን? በመጻሕፍት ብንፈልግ ሦስት ዓይነት ልጆች እናገኛለን። ሙሴ የግብጻውያንን ጥበብ ሁሉ ተማረ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ያጠባችው የገዛ እናቱ ነበረች፤ የፈርዖን ልጅ ሞግዚት ስትቀጥር ሳታውቅ እናቱን ቀጠረች። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች የከለዳውያንን ልሳንና መጽሐፍ ሦስት ዓመት ይማሩ ዘንድ ታዘዘ፤ ስማቸውም ተለወጠ። እነርሱ ግን ባቢሎን በደረሱ ጊዜ የትኛውን እሺ፥ የትኛውን እምቢ እንደሚሉ የሚያውቁ ነበሩ፤ ልሳኑን እሺ ብለው ማዕዱን እምቢ አሉ። ሦስተኞቹ ነህምያ ያገኛቸው ልጆች ናቸው፤ ግማሹ በአዛጦን ቋንቋ ይናገር ነበር፥ በአይሁድም ቋንቋ መናገር አያውቅም ነበር። ነህምያ የተቈጣው አዛጦንኛ ስላወቁ አልነበረም፤ የአባታቸውን ስላላወቁ ነው እንጂ። ደግሞም ልብ በሉ፤ የተቈጣውና ጠጕር የነጨው የአባቶቹን እንጂ የልጆቹን አይደለም። ጠጕር መንጨቱን አልመክርም፤ ነገር ግን ፍርዱ የወደቀበት ስፍራ ትክክል ነው።

አንድ ሰው፥ ገብስ ነጋዴ፥ የሚያከብረኝና የማከብረው፥ ይህን ነገር ሊማከረኝ መጥቶ ነበር። ልጁ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። የልጁ አያት፥ ማለት የአባቱ እናት፥ የአርሲ ኦሮሞ ናት፤ ልጁ «አኮ» ብሎ ይጠራታል፥ ከእርሷም ጋራ በኦሮምኛ፥ ከእናቱ ጋራ በአማርኛ ይጫወታል። አባቱ ያሰበው ልጁን አዲስ አበባ ባለች አክስቱ ዘንድ አስቀምጦ ሊሴ ሊያስገባው ነው። እኔም «ልጄ፥ ምን ፈልገህ ነው?» አልሁት።

«የኔታ፥ እኔ እስከ ስምንተኛ ተምሬ ያገኘሁት ጆንያ መሸከም ነው። ቢሮ ገብቼ ወረቀቱን ማንበብ ስለማልችል ልጅ እግር ጸሓፊ ያመናጭቀኛል። ልጄ በማንም ፊት እንዳያፍር እፈልጋለሁ» አለኝ።

ለዚህ ቃል ፈጥኜ መልስ አላገኘሁም። ዕፍረት እውነተኛ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱን የሚፈልግ ሰው አይነቀፍም። ነገር ግን መድኃኒቱ በሽታውን ወደ ቤት እንዳያስገባው ያሰጋል፤ በጸሓፊ ፊት የማያፍረው ልጅ በአባቱ ማፈር የጀመረ እንደ ሆነስ? አባቱ በሊሴው ደጃፍ ቆሞ ልጁን ሲጠብቅ፥ ልጁ ጓደኞቹ አባቱ ሲናገር እንዳይሰሙ የሚጠነቀቅ እንደ ሆነስ? ይህን ነገርሁት። እርሱም ነጋዴ ነውና ሚዛኑን ወደ እኔ አዞረው።

«እርስዎስ እናትዎን ትተው ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ ይዘው አልሄዱምን? ግዕዝን ለመማር አይደለምን? እናትዎ ቅኔዎን ሰምተው ያውቃሉን?»

ይህ ክርክር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በእውነት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ከውሻ ጋራ እየታገልሁ የተማርሁት ልሳን እናቴ የማትሰማው ልሳን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ስንት መቶ ዓመት ልጆችን ከእናታቸው ጉያ አውጥታ በዚህ መንገድ አሳድጋለች። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፥ አፌን ፈትቼ ጨርሼ ነበር ብለው ግማሽ መልስ ይሆናል። ሙሉው መልስ ግን ሌላ ነው። ከዓመታት በኋላ ወደ ቤት ስመለስ እናቴ «እስቲ የተማርኸውን አሰማኝ» አለችኝ፤ አንድ ጉባኤ ቃና አሰማኋት፤ ምንም አልሰማችም። ያን ጊዜ ሰሙ ይህ ነው፥ ወርቁ ይህ ነው ብዬ በአማርኛ ፈታሁላት። እርሷም ጥቂት አሰበችና «ወርቁስ መልካም ነው፥ ሰሙ ግን በሬ እንዲህ አያርስም» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። መሃይም እናቴ ቅኔዬን አረመችው። ይህ ሊሆን የቻለው ቅኔ ቤቱ መፍታትን አብሮ ስላስተማረኝ ነው፤ ሳይፈታ የሚቀር ቅኔ በእኛ ዘንድ የለምና።

ስለዚህ መመዘኛው፥ እንደ ሐሳቤ፥ ልሳኑ ባዕድ መሆኑ ወይም አለመሆኑ አይደለም። ልጁ በዚያ ልሳን የተማረውን ማታ በቤቱ ልሳን ሊፈታው ይችላልን? ምድር በፀሐይ ዙሪያ መዞሯን በፈረንሳይኛ የሰማ ልጅ ለእናቱ በአማርኛ፥ ለአያቱ በኦሮምኛ የሚነግርበት ቃልና ሰዓት አለውን? ካለው ሦስት ልሳን ያለው ባለጸጋ ነው። ከሌለው ግን በሊሴው አዋቂ፥ በቤቱ ዲዳ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ይህን «አንድም» አይሠራለትም፤ ሥራውም አይደለም። የሚሠራው ሰው በቤት ሊኖር ግድ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ከአክስት ዘንድ ብቻውን የተቀመጠ እንደ ሆነ ያ ሰው ማን ነው? የአራት ዓመት ልጅን ለቋንቋ ብሎ ከእናቱ መለየት ቋንቋን በእናት መግዛት ነው፤ ይህን ዋጋ ውድ ነው ብዬ በግልጥ ነገርሁት።

አንድ ነገር ጨምሬ ልናገር፤ ከነገሩ ጥቂት ወጣ ያለ ነው። ስለ አንቱታ ብዙ ሰው ያዝናል፤ ፈረንሳይኛ የተማረ ልጅ ትልቁን ሰው «አንተ» ይላል ይላሉ። ፈረንሳዮች ግን ለትልቅ ሰው «ቩ» ይላሉ፤ ትርጕሙ «እናንተ» ነው። ኦሮሞም አንዱን ሽማግሌ «ኢሲን» ሲለው «እናንተ» ማለቱ ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር ፈረንሳዩ ከእኛ ይልቅ ለልጁ አያት ይቀርባል። ግዕዛችን ደግሞ ለንጉሡም ለእረኛውም «አንተ» ነው የሚለው። ልጁ ባለጌ የሆነ እንደ ሆነ ጥፋቱን በሰዋስው አናመካኝ።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ እርሱም የቃላት ውስጥ ሰፊ ቤት ነው። በአርሲ ደጋ ባዳ የሚባል ተራራ አለ። በአማርኛ «ባዳ» ዘመድ ያልሆነ ሰው ነው፤ በኦሮምኛ ደግሞ ደጋ አገር ማለት ነው። ሁለቱን ልሳን የያዘ የአርሲ ልጅ «ባዳ አገሬ ነው» ሲል በአንዲት ቃል ሦስት ነገር ይናገራል፤ ይሥቃልም። ይህን ኅብር ያገኘው በትምህርት ቤት አይደለም፤ በአያትና በእናት መካከል ተቀምጦ ነው። በፈረንሳይኛ ብቻ የሚያስብ ልጅ ግን በዚያ ተራራ ሥር ተወልዶ የተራራውን ስም እንደ ድምፅ ብቻ ይሰማዋል። ፈረንሳይኛም በበኩሉ ብዙ እንዲህ ያለ ኅብር እንዳለው አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ስለ ባዳ የሚያጫውተው አይደለም።

ባዕድ ልሳን ተምሮ ለቤቱ የፈታ ሰው አልጠፋም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ መስኮብ ተወስደው በባዕድ ልሳን አደጉ፤ ፈረንሳይኛም አወቁ። ከተመለሱ በኋላ የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረት መሠረት አድርገው የአውሬዎችን ኮመዲያ በአማርኛ ጻፉ፤ እርሱም የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ተባለ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1936 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በቆሙ ጊዜ ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር፤ ሰሚዎቻቸውም ፈረንሳይኛ ይሰሙ ነበር፤ ለመደመጥ የሚቀለው እርሱ ነበር። እርሳቸው ግን በአማርኛ ተናገሩ። የባዕድ ልሳን ማወቅ ለሰው ከሚሰጠው ክብር አንዱ ይህ ነው፤ የማያውቅ ሰው በልሳኑ ቢናገር ሌላ ስላጣ ነው ይባላል፤ የሚያውቅ ሰው በልሳኑ ሲናገር ግን መርጦ ነው።

ስለ ሃይማኖት ትምህርትም የሚጠይቁኝ አሉ። ሊሴውን የያዘው በ1902 በፈረንሳይ የተቋቋመው ሚሲዮን ላይክ የሚባለው ማኅበር ነው፤ «ላይክ» ማለት ከሃይማኖት ወገን ያልሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ጸሎት አያስተምርም፤ ሊያስተምርም ቃል አልገባም። ያልተሸጠልንን ዕቃ አጐደለ ብለን ነጋዴውን ብንከስ አንረታም። ውዳሴ ማርያም የሚያስደግመው መሪጌታ በየሰፈሩ አለ፤ ልጁን ወደ እርሱ መውሰድ ደግሞ የሊሴው ዘበኛ ሥራ አይደለም።

ያ ገብስ ነጋዴ ብዙ ከተመላለሰ በኋላ ሐሳቡን በግማሽ ለወጠ። ልጁ ሊሴ ይገባል፤ ነገር ግን ለብቻው አይሄድም፤ እናቱ አብራው ሄዳ አዲስ አበባ ትቀመጣለች፤ አባትየው ከጆንያው ጋራ አሰላ ይቀራል፥ ቅዳሜ ቅዳሜም ይመላለሳል። ትዳርን በ175 ኪሎ ሜትር መክፈል ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም ደግ አደረግህ ለማለት አልደፈርሁም። አያቲቱ ይህን በሰማች ጊዜ «እንግዲያማ እኔም እሄዳለሁ፤ ልጁ ከማን ጋራ ሊያወራ ነው?» አለች። እርሷ እንደምትሄድ ተቈርጧል፤ ላሟን ለማን እንደምትተው ግን እስከ አሁን አልተቈረጠም።